የሰው መኪና ሐኪም

በሰው መኪና ላይ እንደኔ ቆራጥ የለም። ጓደኛዬ ካምቢዮው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ ብሎ ሲደውል፣ ገና ነገሩን ሳይጨርስ «ሽጣት! ዛሬውኑ ሽጣት!» አልኩት። የአክስቴ ልጅ ደህናዋን ኮሮላ ልትቀይር ስትነሳ ደግሞ «እብድ ነሽ እንዴ? ይቺ መኪና ገና ልጅ ናት፤ ዘይት እየቀየርሽ ንጂ» ብዬ አስቆምኳት። ሁለቱም ሰሙኝ፣ ሁለቱም ተጠቀሙ። ምክሬ ሠርቶለት የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔው ነኝ።

ያለችኝ የ2012 ፕሪየስ ናት። ስገዛት ቀለሟ ብርማ ነበር፤ አሁን ምን እንደሚባል እንጃ። 287,000 ማይል ሄዳለች፤ በአገራችን ስሌት ከ460,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የሄደችው አገር ለመጎብኘት እንዳይመስላችሁ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሬገን አየር ማረፊያ፣ ከሬገን ዲሲ፣ ከዲሲ ደለስ፣ ከደለስ እንደገና ወደ አሌክሳንድሪያ ሰው ስታመላልስ ነው። ኡበር ነው የምሠራው። ስለዚህ እሷ ስታስል ትኩሳቱ የሚይዘው እኔን ነው።

«ላስጠግናት ወይስ ልቀይራት?» የሚለው ጥያቄ ቤታችን ከገባ ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው በሳምንት የሚቋጨውን ጉዳይ ዓመት ሙሉ እንዴት እንዳንከባለልኩት እዚህ ልናዘዝ ነው። የንስሐ አባቴ ስለ መኪና አይሰሙኝም፤ ሞክሬያለሁ።

ኃጢአቴ የሚጀምረው ከትዕቢት ነው። በፈረንጆቹ 2015 ስገዛት 58,000 ማይል ብቻ ነበራት። ያን ጊዜ ከሾፌር ጓደኞቼ ብዙዎቹ ነዳጅ እንደ ውሃ የሚጠጡ ትልልቅ መኪኖች ይነዱ ነበር። እኔ ደግሞ ማኪያቶዬን ይዤ እሰብካለሁ፦ «ሞተሪኖ የላትም! ዲናሞ የላትም! ፍሪሲዮን የላትም! ኮፈኗን ከፍታችሁ ቺንጊያ ብትፈልጉ አታገኙም። የሌለ ነገር ደግሞ አይበላሽም!» ይህች የመጨረሻዋ አባባል በጣም ትወደድልኝ ስለነበር ሳልጠየቅም እደግማት ነበር።

ስብከቱ ውሸት አልነበረም። ባለ 1.8 ሊትሩ ሞተርና ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ የጥርስ ቤት ተጣምረው ነው የሚሠሩት፤ ማርሽ መቀያየር የሚባል ነገር የለም። ፍሬን ስትይዙ የኤሌክትሪኩ ሞተር ወደ ጄኔሬተርነት ተገልብጦ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ስለዚህ የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም፤ የኔ የመጀመሪያው ሸራ ከ100,000 ማይል በላይ ሄዷል። ከኋላ ወንበር በስተጀርባ የተኛው ትልቁ ባትሪ 28 ሞጁሎች ተደርድረውበት 201.6 ቮልት የሚሰጥ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ባትሪ ሙሉ በሙሉ አይሞላውም፣ ሙሉ በሙሉም አያራግፈውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ይዞት ይዞራል። ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ልክ አዋቂነት ነው። እኔ ሆዴን እንዲህ ባስተዳድር ኖሮ ስኳር ባልያዘኝ።

200,000 ማይል የሞላች ዕለት ተሳፋሪ ይዤ ነበር። ቁጥሩ ሲዞር እንዳያመልጠኝ ቀይ መብራት ላይ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን የነገረችኝ ተሳፋሪዋ ናት፤ በትሕትና። ፎቶውን እዚያው በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። የልጄን የምረቃ ፎቶ ለመለጠፍ ያን ያህል አልቸኮልኩም፤ ይህንንም ራሷ ልጄ ናት ያስታወሰችኝ።

ከዚያ አንድ የጁላይ ከሰዓት፣ አስፋልቱ በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ 14ኛው ጎዳና ድልድይ ላይ ተጨናንቀን ቆመን ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። ከኋላ ወንበር ጥግ ያለው ማራገቢያም ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ይጮህ ጀመር። ተሳፋሪው ከስልኩ ቀና ብሎ «ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው፤ ሃይብሪድ ስለሆነች ነው» አልኩት።

ይህችን መልስ ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ለጩኸቱም፣ ለመንቀጥቀጡም፣ ለሽታውም፣ በበጋ ማቀዝቀዣው እምቢ ላለበትም ቀን የሰጠሁት መልስ ይኸው አንድ ነው። ሰዎች አምነውኝ ይወርዳሉ። አንዳንዱ እንዲያውም «ደስ ይላል፣ ለአካባቢ አየር ጥሩ ነው» ብሎ ጉርሻ ጨምሮልኛል።

ጤነኛ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ መካኒክ ነው። እኔ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ገዛሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት፤ ከመሪው ሥር ትሰካና ወደ ስልክ ትልካለች። ስልኬ ላይ «ፒ-ዜሮ-ኤ-ሰማንያ» የሚል መጣ። ትርጉሙን ፈለግኩ፤ የሃይብሪድ ባትሪው ይቀየር ማለት ነው። ኮዱ እንደኔ «ይመስለኛል፣ ምናልባት» አይልም። ከኮዱ ሥር ግን «አጥፋ» የምትል ቁልፍ ነበረች። ነካኋት፤ ሦስት ማዕዘኑ ጠፋ። በሕይወቴ እንዲህ በርካሽ የተፈታልኝ ችግር አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በስመ አብ ብዬ፣ ኮድ አጥፍቼ፣ ሥራ እወጣለሁ።

በዚህ ብቆም ጥሩ ነበር። ለካ ያቺ መሣሪያ ባትሪውን ጥንድ ጥንድ አድርጋ በ14 ብሎክ እየከፋፈለች የየብሎኩን ቮልት ታሳያለች። ጤነኛ ባትሪ ከሆነ አሥራ አራቱም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የኔዋ ሰባተኛዋ ብሎክ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ ባደረግኩ ቁጥር ከእህቶቿ ተለይታ ቁልቁል ትወርዳለች። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደክሙት መሐል ያሉት ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት ትንሽ ንፋስ ሲያገኙ መሐሎቹ ከሁለቱም ጎን በሙቀት ይታፈናሉ። ይህን ካወቅኩ ወዲያ ስልኬን መስታወቱ ሥር ሰቅዬ ሰባተኛዋን እያየሁ መንዳት ጀመርኩ። ከፍ ስትል ደስ ይለኛል፤ ስትወርድ እግሬን አነሳለሁ። አንድ ቀን 395 አውራ ጎዳና ላይ ዳገት ስንወጣ እግሬን ሳነሳ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ በክላክስ ሆነ። እኔ ለሰባተኛዋ አዝኜ ነው፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

ቦሎ ደረሰ። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ አለ፤ በሰሜኑ በኩል ላለን ሰዎች ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጨመርበታል፤ እንደኔዋ ያለ ነዳጅ ቆጣቢ ሃይብሪድ ከጭሱ ምርመራ ነጻ የሚሆነው መንገድ ዳር ያለው መለኪያ ካልያዘው ነው፤ የኔዋን ይዟታል። ጣቢያው በር ላይ ኮዱን አጥፍቼ ፈገግ ብዬ ገባሁ። ልጁ ገመዱን ሰካና ትንሽ ቆይቶ መጣ። «ኮድ የለብህም፤ ግን ኮምፒውተሩ ሰሞኑን ተደምስሷል። ራሱን መርምሮ ገና አልጨረሰም። ጥቂት ቀን ንዳትና ተመለስ» አለኝ። ብነዳት ኮዱ ይመለሳል፤ ካልነዳኋት ምርመራው አያልቅም። ለካ መሐንዲሶቹ እንደኔ ያለ ሰው እንደሚመጣ አስቀድመው አስበውበታል። ልጁ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ፕሪየስ... ባትሪው ነው አይደል?» አለ። ሃይብሪድ ስለሆነች ነው ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ምክር ወደ መሰብሰብ ዞርኩ። ስካይላይን አካባቢ ሾፌሮች ተሰብስበን ማኪያቶ የምንጠጣበት ቦታ አለ፤ ፓርላማ ብንለው ይሻላል። አንደኛው «ሙሉውን ለምን ትቀይራለህ? የሞተችውን ሞጁል ብቻ አውጥተህ ሌላ ክተት፤ አርባ ሃምሳ ዶላር ነው» አለ። ሁለተኛው «ያ የሚያዋጣው መኪናህን ልትሸጥ ስትል ብቻ ነው፤ አሮጌዎቹ ሃያ ሰባቱ ከአዲሷ ጋር እኩል መራመድ ስለማይችሉ ነገ ሌላዋ ትወድቃለች» ብሎ ተነሳበት። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ግዛ አለኝ፤ የምኖረው አፓርታማ ባትሪ መሙያ እንደሌለው ስነግረው አፓርታማውን ቀይር አለኝ። አራተኛው ካሰብኩት አይቀር ዲሲን ለቅቄ ቴክሳስ እንድገባ መከረኝ። ሁሉንም አዳመጥኩ፣ በሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ስናገር ምክር አልነበረም የምፈልገው። «ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ንዳት» የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው። በመጨረሻ አገኘሁት፤ ምንም አይደለም አለኝ፣ ማኪያቶውንም ከፈልኩለት። መንጃ ፈቃዱ ከታገደ መሰንበቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ድሮ «ስትሰለችህ ላካት፣ እዚህ ንግሥት ትሆናለች» ይለኝ ነበር። አሁን እሱም ቀረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ወንድሜም ቢዋይዲ ገዝቶ በቪዲዮ እየደወለ ዳሽቦርዱን ያሳየኛል። «እናንተ አሜሪካ ተቀምጣችሁ እስካሁን ቤንዚን ትቀዳላችሁ?» አለኝ ባለፈው። ከእሱ ጋር የማወራው ስለ እናታችን ጤና ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ። አዎ፣ አንዳንድ ነገር መወሰን እችላለሁ።

መካኒኩ ጋ የሄድኩት አማራጭ ሲያልቅብኝ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቴስታታውን ቴስታታ፣ ማርሚታውን ማርሚታ የሚሉ፤ ሃይብሪድን ግን እዚሁ ተምረው ከወጣቶቹ የሚበልጡ። የኋላውን ወንበር ነቀሉ። ወፍራም ጓንት አድርገው ብርቱካንማዋን መሰኪያ ከባትሪው ላይ አወጡና ኪሳቸው ከተቷት። ለምን ኪስ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኔ እጄን ባትሪው ውስጥ ከትቼ ሳለሁ እንደ አንተ ያለ ሰው መጥቶ እንዳይሰካት» አሉኝ። የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ ከባትሪው ጎን ያለውን ማራገቢያ ፈትተው ብርሃን ላይ ያዙት።

ክብ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች ያሉት። ክንፎቹ ግን አይታዩም ነበር። በመካከላቸው ነጭ ነገር ተጠቅጥቆ፣ ተደድሮ፣ ዳር ዳሩ ግራጫ ሆኖ ሞልቶታል። በካቻቪቴ ጫፍ ያዝ አድርገው ሲስቡት እየተፈተለ፣ እየረዘመ ወጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

አወቅኩት። ጋቢዬ ነው። አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ እተኛበታለሁ፤ ስነሳ አጥፌ የማስቀምጠው ከኋላ ወንበር ቀኝ ጥግ ላይ ነው። ያቺ ጥግ ላይ ደግሞ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ባትሪው የሚተነፍሰው በእሷ ነው፤ የመኪናውን የውስጥ አየር ስቦ ራሱን ያቀዘቅዛል። ወንፊቷ እንዳትደፈን የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ያስጠነቅቃል። መጽሐፉ ጓንት ሳጥን ውስጥ አለ፤ እስክሪብቶ አልጽፍ ሲለኝ የምሞክረው ጀርባው ላይ ነው።

«ማይሉ አይደለም የገደላት» አሉ መካኒኩ፣ ጥጡን በጣታቸው እየጠቀለሉ። «አፍነህ ነው። ጥለት ብቻ ነው የጎደለው እንጂ ይሄስ ኩታ ይወጣዋል።»

አዲስ ባትሪ ከነሥራው 2,600 ዶላር አሉኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ለመሆኑ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች?» አሉ።

«ትንሽ ትንሽ... ያው ሃይብሪድ ስለ—»

«ዝም በል!»

ዝም አልኩ። ሌሊት እሳቸው ጋ አደረች፤ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው ቆመው ሰሙ። ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጥቅጦ፣ ትንሽ ነጭ ጭስ ተፍቶ፣ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። የውሃ ማጠራቀሚያውን አዩ፤ ከመስመሩ በታች ነው። በዚህ ትውልድ ፕሪየስ ላይ የታወቀ በሽታ ነው አሉኝ። የጭሱን ከፊል አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል በጥቀርሻ ይደፈናል፤ ሞተሩ ውስጥ ሙቀት ይበዛል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይሸነፋል። ሌሊት ውሃ ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል፤ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ያንን ውሃ ሞተሩ ሲያስመልስ ነው። ቴስታታው ካልተጣመመ 2,300። ሁለቱ ሲደመር 4,900 ዶላር። መኪናዋ ጤነኛ ሆና ብትሸጥ የምታወጣው ደግሞ ወደ 5,000 ገደማ ነው።

ያን ሌሊት ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ስሌት ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ችግሩ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። «ጥገናው የመኪናዋን ዋጋ ካከለ ጣላት» የሚለው የፓርላማው ሕግ የተሳሳተ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። መጠየቅ ያለበት መኪናዋ ስንት ታወጣለች አይደለም፤ የሚሄድ መኪና ቤቴ ደጃፍ ለማቆም በወር ስንት ይፈጃል ነው። አዲሷ ፕሪየስ በጋሎን እስከ 57 ማይል ትሄዳለች፤ የኔዋ እንዲህ ሆናም 45 አካባቢ ትሰጣለች። በዓመት 40,000 ማይል ብነዳ አሮጊቷ ወደ 889 ጋሎን፣ አዲሷ ወደ 702 ጋሎን ትጠጣለች። ልዩነቱ 187 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብናስበው 600 ዶላር አይሞላም። የአዲሷ የወር ክፍያ ደግሞ 600 ገደማ ነው። ዓመት ሙሉ የቆጠብኩት ነዳጅ የአንድ ወር ዕዳ እንኳ አይዘጋም ማለት ነው። በዚያ ላይ ባንክ ያበደረህ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፤ የቨርጂኒያ የመኪና ግብርም በመኪናው ዋጋ ልክ ነው የሚጣለው፤ አሮጊቷን ሰብሳቢው ረስቷታል ቢባል ይቀላል። በአጭሩ 4,900ዋ የስምንት ወር ክፍያ ናት። ተጠግና አንድ ዓመት ብትሄድልኝ አትራፊው እኔ ነኝ።

ደብተሩን ለባለቤቴ አሳየኋት። አይታ አይታ «ግልጽ ነው እኮ፤ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

ምን እንደምጠብቅ እነሆ ልናገር፤ መኪናዋ ራሷ እንድትወስንልኝ ነበር የምጠብቀው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጭራሽ ብትቆም «እንግዲህ ምን ላድርግ» ብዬ እገላገል ነበር። ጨካኟ ግን አትቆምም። ትንቀጠቀጣለች፣ ታጨሳለች፣ ትሄዳለች። እኔም 4,900 ዶላር በአንዴ ሲወጣ ማየት ስለማልችል በቁንጥር ማፍሰስ ያዝኩ። የራዲያተር ውሃ በየሳምንቱ። ጋርኒሲዮን ይደፍናል የሚባል ጠርሙስ ፈሳሽ፣ መካኒኩ ስሙን እንኳ መስማት የማይፈልጉት። ያቺ ኮድ ማንበቢያ፣ ቀጥሎም የተሻለችዋ ኮድ ማንበቢያ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ለካታሊቲክ ኮንቨርተሯ ያሠራሁት የብረት ጋሻ ነው። ውስጡ ስላሉት ፓላዲየምና ሮዲየም ሌቦች የፕሪየስን ኮንቨርተር አጥብቀው ይወዳሉ፤ ሠፈራችን ውስጥም ተቆርጦ ያደረ አለ። የኔን ግን ማንም አልነካም። አጎንብሰው አይተው፣ አዝነውልኝ ያለፉ ይመስለኛል። የነዚህን ሁሉ ደረሰኝ ደምሬያቸው ነበር፤ ድምሩን ጻፍ ብትሉኝ አልጽፍም።

አዲስ ለማየትም ሄጃለሁ። ሻጩ ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሸተተኝ፤ አዲስ መኪና መቼም ሽታው ያሰክራል። ስለ ባትሪው ዋስትና ጠየቅኩት፤ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ቀድሞ የመጣው አለኝ። በልቤ ማለት ሲገባኝ ጮክ ብዬ «በኔ አነዳድ አራት ዓመት አይሞላም» አልኩ። ሰውዬው ምን ዓይነት ሥራ እንደምሠራ ሲጠይቀኝ ደንግጬ ባለቤቴ ቀለሙን ካላየች አልገዛም ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ይህንን ነገርኳት። «ቀለም?» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ መንግሥት እስከ 4,000 ዶላር ከግብር ይቀንስ ነበር። «ትንሽ ላስብበት» አልኩ። እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ነበር፤ አስቤ የጨረስኩት በኦክቶበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ኃጢአት ደረስን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን ስሌቱ ተሠርቶ፣ መልሱ ታውቆ፣ ሳይቸግረኝ ነው ያደረግኩት። ማናሳስ አካባቢ አንድ ሰው ከኋላዋ የተገጨች የ2013 ፕሪየስ በ1,500 ዶላር እንደሚሸጥ ሰማሁ። 190,000 ማይል ብቻ! ሞተሯን አውጥቼ ለኔዋ እሰጣታለሁ፤ ባትሪዋንም እሰጣታለሁ፤ የተረፈውን እሸጣለሁ። ጥገናም አይደለም፣ ግዢም አይደለም፤ ሊቅነት ነው። ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳት፤ ሲያልቅ አስደንቃታለሁ ብዬ። አስጎትቼ መካኒኩ ግቢ አስገባኋት።

ሽማግሌው ዙሪያዋን ዞሩ። «ከኋላ ነው የተገጨችው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ሞተሯ ግን አልተነካም።»

«ባትሪው የት ነው ያለው?»

ለዓመታት ካፌ ውስጥ ባትሪው የት እንዳለ በጣቴ እየጠቆምኩ የሰበክሁ ሰው፣ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ኮፈኑን ከፍተው የውሃ ማጠራቀሚያውን አዩ፤ ከመስመሩ በታች ነው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፣ ዘጉት። «እህቷ ናት» አሉኝ። «ትውልዱም አንድ፣ ጥቀርሻውም አንድ፣ በሽታውም የቤተሰብ ነው። የታመመችውን ሞተር አውጥቼ ሌላ የታመመ ልክተትልህ?»

ባለቤቴ የሰማችው ከመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ከዲኤምቪ፣ በመጣ ፖስታ ነው። እራት ላይ ወረቀቱን ከሰሐኑ አጠገብ አስቀመጠችና «አንተ ሰውዬ፣ መኪናችን ሁለት ሆነች እንዴ?» አለች። ተናገርኩ። ኮድ ማጥፋቱን፣ ጋቢውን፣ ጠርሙሱን፣ የብረት ጋሻውን፣ ማናሳስን፤ ሁሉንም። ጨርሳ ሰማችኝና ስልኳን አነሳች። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? የድሮ መኪናውን ባትሪውንም ሞተሩንም ይሥሩለት። አይ፣ እሱን አይጠይቁት። የዕቁቤ ተራ ደርሶኛል፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።» ዓመት ሙሉ የፈጀብኝን ነገር ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው።

ቴስታታው አልተጣመመም። ጥቀርሻው ተጠረገ፣ ጋርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ አዲሱ ባትሪ ገባ፣ ጋቢው ወደ ቤት ተባረረ። ጠዋት ስትነሳ አትንቀጠቀጥም። ተሳፋሪዎቼም ምንም ስለማይጠይቁኝ መልሴን የምነግረው ሰው አጥቻለሁ። የቀረችው የማናሳሷ ናት። መካኒኩ ግቢያቸው እንደጠበበ በጨዋ ደንብ እየነገሩኝ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ በጨዋ ደንብ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያ አወጣሁ፦ «ጥቂት ሥራ ብቻ የሚያስፈልጋት።»

ቅዳሜ አንድ ልጅ ደወለ። ቅርብ ጊዜ ነው የመጣው፤ ኡበር ሊጀምር ነው፤ ያለችው ገንዘብ ትንሽ ናት። «ጋሼ፣ እሷን ገዝቼ ባስጠግናት ያዋጣኛል?» አለኝ።

«በፍጹም!» አልኩት። ድምፄ ራሱ ተለወጠ። «ስማኝ ወንድሜ። የተገጨችና መገጨቷ በወረቀቷ ላይ የተጻፈባት መኪና ኡበር አይቀበልህም። ሞተሯ ውሃ ይጠጣል። ባትሪዋን ማንም አልፈተሸውም። ያቺን ብርህን ይዘህ ንጹሕ ወረቀት ያላትን ፈልግ፤ ከመግዛትህ በፊት በቀዝቃዛ ጠዋት አስነስተህ ስማት፤ የውሃውን መስመር እይ፤ ማራገቢያዋን አስፈታ። ይቺን እንዳትነካ!» ልጁ ይጽፍ ነበር መሰለኝ፣ ቀስ ይበሉልኝ እያለ። የመካኒኩንም ስልክ ሰጠሁት። እንደ እርስዎ ያለ ቅን ሰው በዚህ አገር አላገኘሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋ።

«ማን ነው?» አለች ባለቤቴ ከኩሽና።

«ገዢ ነው።»

«እ? ምን አለ?»

«አመሰገነኝ።»